የጥምቀቱ ድንጋይ ውሃ አይቋጥርም

«ወንድምሽ እኮ ግማሽ ሉተራን ነው!» አሉኝ እትዬ ዘነበች፣ እዚህ ስዊድን፣ ቬሊንግቢ አደባባይ ላይ፣ በሰው ፊት፣ ሙዝ እየመረጡ።

«የትኛው ግማሹ?» አልኳቸው። «የላዩ ነው የታቹ?»

«አታላግጪ! በዚያ በእንጨቱ ቤተክርስቲያን ሲጠመቅ ውሃው ውስጥ የማን እጅ እንደነበረ በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ። ሰውዬው ደግሞ ያጉተመትም ነበር። አሁን ልጁ ዲያቆን ሊሆን ነው አሉ። ጳጳሱ ሲመጡ ማንም ባይናገር እኔ እናገራለሁ፤ በኋላ በነፍሴ እንዳልጠየቅ።» ሙዙን አገላብጠው አዩት፤ አልወደዱትም፤ መለሱት።

እትዬ ዘነበች ክፉ ሰው አይደሉም። ቴንስታ ጎረቤታችን ሳሉ በየእሑዱ ጸጉሬን ሹሩባ የሚሠሩልኝ እሳቸው ነበሩ፤ ሲጎትቱም አይሳሱም። ብቻ ያዩትን ነገር ሆዳቸው ውስጥ ማሳደር አይችሉም። እኔም ያው ስለሆንኩ አልፈርድባቸውም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ወንድሜ ናትናኤል ሃያ ዓመቱ ነው፤ ድቁናን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲመኛት የኖረ ልጅ ነው። እናቴን ደግሞ የዚያ እጅ ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ ውስጥ ውስጡን ሲበላት ኖሯል። ያጠመቁትን ቄስ፣ አባ ላእከን፣ አንድ ጊዜ ብትጠይቃቸው ያልቅ ነበር። አልጠየቀችም። «ጠይቄያቸው ‹ጥምቀቱ አልጸናም› ቢሉኝስ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ሽንኩርት እየከተፈች። እንባዋ ከሽንኩርቱ ይሁን ከነገሩ አላወቅሁም። ከዚያ በኋላ አላነሳችውም።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ትዝታ የሽማግሌ ሥራ ነው የሚለኝ ካለ፣ ቴንስታ ላይ በልጅነቱ ለወላጆቹ አስተርጓሚ ሆኖ ያደገ ሰው ቶሎ ያረጃል እለዋለሁ። አሁን አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ከሱ በፊት አራት ሥራ ቀያይሬያለሁ፤ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ተሳፋሪው ዛሬ ስልኩን ማሽኑ ላይ ጠጋ ያደርግና ያልፋል፣ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። ያኔ ግን «ሬምሳ» የሚባል ረጅም የወረቀት ቲኬት ነበር፤ ሾፌሩ አጣጥፎ ማኅተም ይመታበታል፤ አባቴ ማኅተሙ ደብዘዝ ካለለት፣ ደግሞ ስለሚሳፈርበት፣ ደስታው ለሳምንት ይበቃዋል። ፋላፌል በሃያ ክሮና ይገኝ ነበር፣ ሽንኩርቱም ቃሪያውም ተጨምሮ፤ ዛሬ በሃያ ክሮና ወረቀቱን ይሰጡህ እንደሆነ እንጃ። አዲስ አበባ የሚደወለው በሚፋቅ ካርድ ነው፤ ገና «እንዴት ናችሁ» ተብሎ ሳያልቅ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ደቂቃው አለቀ ትላለች። እኛ ሴት ልጆች አጭር ብርማ ጃኬት ለብሰን ወገባችንን ብርድ ይጠጣናል። እናቶቻችን ደግሞ ዱንያካ የሚባለውን በላባ የታጨቀ ወፍራም ጃኬት ለብሰው ከላዩ ነጠላ ይደርባሉ፤ ባቡር ጣቢያው ላይ ተሰብስበው ከሩቅ ሲታዩ በረዶ የጣለባቸው ትንንሽ ኮረብታዎች ይመስሉኝ ነበር።

ቅዳሴያችን ቴንስታ፣ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ መንበሩ የለ፣ መጋረጃው በቅርጫት ኳሱ ብረት ላይ የተሰቀለ፣ ወለሉ የላብ ጫማ የሚሸት። አዳራሹ ሊታደስ ሲዘጋ መሄጃ አጣን። የዚያን ጊዜ ነው ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የገጠር ደብር ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተክርስቲያኑን ያዋሰን። ስሙን አልጽፍም፤ የመንደሩ ሰዎች ጸጥታ ይወዳሉ። በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በአጃ ማሳ መካከል በእግር። የራሳቸው ምእመናን ጥቂት አሮጊትና ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ እኛ ከነልጆቻችን፣ ከነከበሮአችን፣ ከነድስታችን ስንደርስ መንደሩ ውስጥ ያለው ሰው በእጥፍ ይጨምራል።

ቤተክርስቲያኑ ሙሉ በሙሉ እንጨት ነበር። ግድግዳው ቀይ፣ መስኮቱ ነጭ፣ ጣሪያው እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ ስስ እንጨት የተከደነ፣ ላዩም በጥቁር ቅጥራን የተቀባ። ፀሐይ ሲመታው ጣሪያው በሙሉ ይሸታል፤ የተጨሰ ሥጋና የጥድ ጫካ አንድ ላይ። እናቴ መጀመሪያ ቀን ሽታውን ስባ፣ «የኖኅ መርከብ በቅጥራን ነው የተለቀለቀችው፤ ይኸው ገባን» አለች። ዛሬም አዲስ አስፋልት በተነጠፈበት መንገድ አውቶቡሴን ስነዳ መስኮቱን እከፍታለሁ፤ ተሳፋሪው ይቆጣል፤ ልክ ያው ሽታ አይደለም፣ ግን ዘመዱ ነው።

ጠባቂው ጋሽ ሩኔ ይባላሉ። ሥራቸው ቫክትሜስታሬ ነው፤ በሩን የሚከፍቱት፣ ደወሉን የሚደውሉት፣ የመቃብሩን ሣር የሚያጭዱት እሳቸው ናቸው። በስዊድንኛ አንቱታ የለም፤ እኔ «አንተ» እያልኩ አናግራቸዋለሁ፣ እናቴ ግን ይህን ስትሰማ ክንዴን ትቆነጥጠኝ ነበር። «ጋሽ ሩኔ በያቸው! በዕድሜ አባትሽን ይወልዳሉ!» እሳቸውም «ጋሽ» ስማቸው መስሏቸው ወደዱት፤ ስልክ ሲደውሉልን «ጋሽ ነኝ» ይላሉ።

የቤቱን ታሪክ የነገሩን እሳቸው ናቸው፤ ያስተረጎምኩት እኔ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ስቸኩል ግማሹን እየዘለልኩ። ቤቱ ሲሠራ ከየገበሬው ቤት አንድ አንድ ግንድ ተዋጣ። ግንዱ ላይ የየቤቱ ምልክት በመጥረቢያ ተቆርጧል፤ የአንዱ መስቀለኛ፣ የአንዱ የወፍ እግር የመሰለ። የጋሽ ሩኔ ቤተሰብ ግንድ ከበሩ በስተቀኝ ከታች ሦስተኛው ነው፤ ሲገቡም ሲወጡም ቸብ ያደርጉታል፣ ፈረስ ቸብ እንደሚደረገው። የኛ ሰዎችም ይህን አይተው ግንዱን መሳለም ጀመሩ። ጋሽ ሩኔ ደነገጡ። «ግንዱ እኮ የአያቴ ነው፤ ቅዱስ አይደለም» አሉኝ። አስተረጎምኩ። «አያታቸውስ ቢሆኑ?» አሉ አንዲት እናት፣ ደግመው ተሳለሙት።

እሳቸውም ቢሆኑ ከኛ አልተሻሉም። ዲያቆናቱ መቋሚያ ይዘው ሲገቡ ጋሽ ሩኔ በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ። በድሮ ዘመን በየገጠሩ ቤተክርስቲያን አንድ ረጅም ዱላ የያዘ ሰው ነበር አሉ፤ ስብከት ላይ የሚያንቀላፋውን ከኋላ እየመጣ ይጎስመዋል። «እናንተ አሁንም አላችሁ! ያውም ይህን ያህል ብዙ!» ቅዳሴያችን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሲያዩ ደግሞ ዱላው ለምን እንደበዛ ገባኝ አሉ። እውነቱን ለመንገር ጊዜ ወሰደብኝ፤ ውሸቱ ይበልጥ ደስ ይል ነበር።

ጫማ አውልቀን እንደምንገባ ካዩ በኋላ በሁለተኛው ቅዳሜ ስንደርስ ከበሩ እስከ መቅደሱ ድረስ ከአሮጌ ጨርቅ ቁርጥራጭ የተሸመነ ምንጣፍ ተነጥፎ አገኘነው። ከመንደሩ አሮጊቶች ሁሉ ለምነው ነው የሰበሰቡት። ሰማያዊው የማን ቀሚስ እንደነበረ፣ ቡናማው የማን ሱሪ እንደነበረ ያውቃሉ። እኔ ሁልጊዜ አንድ ቀይ መስመር ላይ እቆም ነበር፤ የሞቱ የጎረቤታቸው የሰርግ መጋረጃ ነው ብለውኛል።

ያ የጥምቀት ድንጋይ ከበሩ በስተግራ ይቆማል። ግራጫ፣ ወፍራም፣ አንድ እግር ላይ የተቀመጠ ትልቅ የገንፎ ሳህን በሉት። ጋሽ ሩኔ እንዳሉት ይህ ቤት በቦታው ሦስተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ተቃጠለ፣ ሁለተኛው በሰበሰ፣ ድንጋዩ ግን ከሦስቱም ጋር ኖሯል። ሉተራኖቹ ድንጋዩ አፍ ላይ ትንሽ የብር ሳህን ያስቀምጡና በእፍኝ ሦስቴ የሕፃኑን ራስ ያረጥባሉ፤ አለቀ። እናቴ ናትናኤልን አርግዛ ይህን ድንጋይ አየችው። እጇን ጫፉ ላይ አድርጋ ዞረችው። «ልጄ እዚህ ውስጥ ነው የሚጠመቀው» አለች። በአዳራሹ ዘመን የቴንስታ ልጅ ሁሉ የተጠመቀው በአንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገንዳ ነበር፤ ገንዳው ደግሞ በተራ የሚቀመጠው እኛ ቤት ነው። «በፕላስቲክ አይጠመቅም!» አለችና ጨረሰች።

ከእኔ በፊት ሱዳን ካምፕ ውስጥ የወለደችው ልጅ ነበራት፤ ለክርስትና ሳይደርስ ሞተ። ስለዚህ የናትናኤል አርባ ቀን ለሷ የሚተላለፍ ቀን አልነበረም። ቀኑ ደግነቱ ቅዳሜ ላይ ዋለ፤ ብቻ ወሩ ቅጠል ያለቀበት፣ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ስንተነፍስ እንፋሎት የሚታይበት ነበር። ማሞቂያው የሚለኮሰው ለእሑድ ብቻ ነው። ጋሽ ሩኔ መላ አመጡ፤ ከግቢው ማዶ ያለው የደብሩ ቤት ውስጥ፣ ከስብከት በኋላ ለሕዝቡ ቡና የሚፈላባቸው ሁለት ትልልቅ የኤሌክትሪክ ማፍያዎች አሉ፤ ውሃውን በነሱ አሞቁ። በባልዲ ሲመጣ ቡና ቡና ይሸታል። አባ ላእከ አሸተቱና መጽሐፋቸውን አነሡ።

የመጀመሪያውን ማፍያ ሙሉ ድንጋዩ ውስጥ ገለበጡት። አባ መጽሐፉን ከፍተው ውሃውን መባረክ ጀመሩ። ጸሎቱ ረጅም ነው፤ እሳቸውም አይቸኩሉም። እኔ ሻማ ይዤ ድንጋዩ አጠገብ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ውሃው የጫፉ ጠርዝ ጋ ነበር። ቀጥሎ አንድ ስንዝር ወረደ። እትዬ ዘነበች አዩት፣ አየኋቸው። «እየቀነሰ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «እየተነነ ነው» አለ ከኋላ አንድ ተማርኩ ባይ። አባ ጨርሰው ቀና ሲሉ ድንጋዩ ውስጥ እርጥበት ብቻ ነበር።

«ተአምር!» አለ አንድ ሰው።

«ቀዳዳ ነው» አልኩ እኔ።

ጋሽ ሩኔ ተንበርክከው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱ። ታች መሐሉ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ አገኙ፤ የበሰበሰ የእንጨት ውታፍ ዱቄቱ በጣታቸው መጣ። ለስንት ዘመን ከብር ሳህን በቀር ምንም ያልተቀመጠበት ድንጋይ፣ ማን ይወቅ? ፊታቸው እስከ ጆሮአቸው ቀላ። «እኔ የምጠብቀው ቤት ነው፤ እኔ ማወቅ ነበረብኝ» እያሉ አንዴ ለእኔ፣ አንዴ ለግድግዳው ይናገራሉ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ገበያ ነው። አንዱ ጧፍ አቅልጦ ወተፈ፤ ሙቅ ውሃ ሲነካው ተንሸራተተ። አንዷ ነጠላ ቀደደች፤ ጨርቅ ውሃ ያሳልፋል። እኔ ማስቲካዬን ከአፌ አውጥቼ ሰጠሁ፤ እትዬ ዘነበች እጄን መቱኝ፣ በኋላ ግን ራሳቸው ሞከሩት። አልያዘም። የቅዳሴው ሰዓት እየደረሰ ነው፤ ልጁ ተጠምቆ መቁረብ አለበት። የቀረው ሙቅ ውሃ አንድ ማፍያ ብቻ ነው። እሱም ከፈሰሰ ቀኑ አለፈ ማለት ነው። እናቴ ልጁን ራቁቱን በፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ አታለቅስም፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «ገንዳውን ባመጣው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። «እኔ ነኝ። እኔና ኩራቴ።»

ጋሽ ሩኔ ኮታቸውን አወለቁ። አጣጥፈው የአያታቸው ግንድ አጠገብ አስቀመጡት። ነጩን የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ብብታቸው ሰበሰቡና መዳፋቸውን ድንጋዩ ውስጥ፣ ቀዳዳው ላይ ከደኑት።

«ንገሪያቸው፣ ያፍስሱ» አሉኝ።

ተናገርኩ። ሁሉም አባን አየ። አባ ጋሽ ሩኔን ቁልቁል አዩዋቸው፤ ሽማግሌው ተንበርክከዋል፣ ጉንጫቸው ድንጋዩ ላይ ተለጥፏል። አባ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ውሃው ተገለበጠ፤ ቆመ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። አባ እንደገና ባረኩት፣ አሁን ትንሽ ቸኮል ብለው፣ ናትናኤልን ተቀብለው ሦስት ጊዜ ነከሩት። ሲጮህ ከጣሪያው እርግቦች ተነሡ። ጋሽ ሩኔ ዓይናቸውን ጨፍነው በስዊድንኛ አባታችን ሆይን ያነበንቡ ነበር፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። ልጁ ሲወጣ እጃቸውን አነሡ፤ ውሃው ጎርጎር እያለ ወረደ። እልልታው መስኮቶቹን አንቀጠቀጣቸው፤ ማሳው ላይ የነበረ አንድ ገበሬ ትራክተሩን አቁሞ ወጥቶ አየን።

ከዚያ ደግሞ ጋሽ ሩኔን ወለሉ ትዝ አላቸው። እንጨት ነው፣ ይበሰብሳል ብለው ሮጠው ከመቀመጫዎቹ መሐል ያለችውን ትንሽ መከደኛ ከፈቱ፤ በባትሪ አዩ። ወለሉ ደረቅ ነው። ውሃው በድንጋዩ እግር ውስጥ ቀጥ ብሎ ወርዶ ከቤቱ ሥር አፈሩ ውስጥ ገብቷል። አባ ላእከ ከነካባቸው ተንበርክከው አብረዋቸው አዩ። እኛም የጥምቀት ውሃ የሰው እግር የማይረግጠው ቦታ ነው የምናፈሰው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአራት እግራቸው፣ ባትሪ እየተቀባበሉ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ፣ «አየህ?» «አየሁ!» ሲባባሉ እስካሁን ይታየኛል። ያን ቀን የደብሩ ቤት ውስጥ ዶሮ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር በላን። ለሁለቱ ጣዕም ስም የለውም፤ አትሞክሩት።

ወሬው የተጀመረው ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። «ግን ያ ሰውዬ እኮ…» አሉ እትዬ ዘነበች፤ እናቴም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዝም አለች። አዳራሹ ታድሶ ተመለስን፤ ኋላም ደህና ቤት ተገኘ። ናትናኤል ግን በየበጋው ወደዚያ ይሄዳል፤ ጋሽ ሩኔ አሁን በምርኩዝ ቆመው ከታች እያዘዙ እሱ ጣሪያው ላይ ቅጥራን ይቀባል። ጥፍሩ ለሁለት ሳምንት አይነጻም። በአማርኛ አናግረዋለሁ፣ በስዊድንኛ ይመልስልኛል፤ ግእዙን ግን አንድ ፊደል አይስትም። «ሰዎች ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ?» ስለው «ሉንግት» ይለኛል፣ ተረጋጊ ማለቱ ነው። እሱ ተረጋግቷል። ያልተረጋጋችው እናቴ ናት።

እና ቬሊንግቢ ላይ እትዬ ዘነበችን ከነሙዛቸው ተውኳቸው። «እስከ ነገ ድረስ ለማንም እንዳይናገሩ፤ ከተናገሩ ሹሩባ ሲሠሩልኝ ያወሩልኝን ሁሉ እኔም እናገራለሁ» ብያቸው ነው የሄድኩት። አውቶቡስ ይዤ ዩልስታ ወረድኩ። አባ ላእከ ጡረታ ወጥተው እዚያ ስድስተኛ ፎቅ ይኖራሉ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ መስቀል አሳለሙኝ።

«ግቢ፣ ግቢ። ሻይ ላፍላ?»

«አልጠጣም፣ አባ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ቁጭ በይ እንጂ መጀመሪያ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። የናትናኤል ጥምቀት ጸንቷል ወይስ አልጸናም?»

መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም። እትዬ ዘነበች ለጳጳሱ እናገራለሁ እያሉ ነው። ጋሽ ሩኔ እጃቸውን ከተዋል፣ ሉተራን ናቸው፣ ያጉተመትሙም ነበር ይላሉ።»

«በዚያ ብርድ እጁን ነክሮ የተንበረከከ ሽማግሌ ምን ያድርግ ታዲያ፣ ይዝፈን?» አሉና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ስሚኝ፣ ልጄ። ልጁን ያጠመቅሁት እኔ ነኝ። ሰውዬው የከተቱት እጃቸውን ነው። ያን ቀን ያ እጅ ቡሽ ነበር፤ ቡሽ ደግሞ ሃይማኖት የለውም። በፕላስቲኩ ገንዳ ሳጠምቅ ገንዳውን የሠራው ሰው ምን እንደሚያምን ጠይቃችሁኛል?»

«አልጠየቅንም።»

«ጸንቷል። ጳጳሱም ቢጠይቁኝ ይህንኑ ነው የምላቸው። ለዘነበች ደግሞ እኔው እደውላለሁ።» ወደ እኔ ዞር አሉ። «እናትሽ ለምን አልጠየቀችኝም? ስንት ዓመት በየሳምንቱ መስቀል ስትሳለም?»

«ፈርታ።»

«እኔን?»

«መልሱን።»

አባ መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ዓይናቸውን በሁለት ጣታቸው ተጫኑት። «ያን ጊዜ ፊቷን አይቼ ነበር» አሉ። «ልጇ ታቅፎ ሲመለስላት ፊቷ አልበራም። ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት። እኔ ነበርኩ ሄጄ ልነግራት የሚገባኝ።» ቀና አሉ። «አሁን የት ናት?»

«ቤት።»

«ሂጂ ንገሪያት። በስልክ አይደለም፤ ፊቷን እያየሽ።»

ጫማዬን አደረግሁ። ሊፍቱ እስኪመጣ አልጠበቅሁም፤ በደረጃው ወረድኩ።